የገዢው ለቅሶ

ዶክተር መርዕድ ኮሮላዋን በጆሐንስበርግ፣ በትሮይቪል ቁልቁለት ሲያንደረድራት፣ እናቱ ወይዘሮ የአለምወርቅ ከኋላ ወንበር ሆነው የበሩን እጀታ አንቀው ይዘው ነበር። መኪና ፈርተው አይደለም። የአባታቸውን ገዳይ ፊት ለፊት ሊያዩ የሚሄዱ ሴት እጃቸውን የሚያሳርፉበት ነገር ቢያጡ ነው።

«ቀስ በል» አሉት። ወዲያው ደግሞ፣ «ኧረ ፍጠን እንጂ! ዘጠና ያለፈው ሽማግሌ ነው፤ እኛ መንገድ ላይ ሳለን ቢሞትብኝስ?» አሉ።

«እማዬ፣ ትናንት መርምሬዋለሁ። ዛሬ አይሞትም።»

«አንተ ነህ ደግሞ የነፍስ ቀን ቆራጭ!»

ዙሌካ ከመንገዱ ጥግ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። የሰኔ ብርድ ፊቷን አመድ አስመስሎታል፤ ጥቁር ጅልባቧን ሰብስባ ከወይዘሮዋ ጎን ገባችና ጉልበታቸውን ስማ ተቀመጠች። ዙሌካ የወራቤ ልጅ ናት። አይቮሪ ፓርክ ውስጥ እንደ ነገሩ የሆነች ሱቅ ነበረቻት፤ ዕቃውን ከጂፒ ገበያ እያመጣች ትቸረችር ነበር። ባለፈው ግንቦት «የውጭ ሰው ይውጣ» ብለው የተነሡት ጎረምሶች ሱቁን እስከ መደርደሪያው ድረስ ነቅለው ወሰዱት፤ እሷም ነፍሷን ይዛ ትሮይቪል ወንድሟ ቤት ተጠጋች። ሱቅ ባይኖራትም ሥራ አላጣችም። በጆሐንስበርግ የሞተ ሐበሻ፣ ክርስቲያንም ይሁን እስላም፣ ቤተሰቡ ሬሳውን ከፈለገ አገሩ የሚገባው በእሷ ስልክና በእሷ ጭቅጭቅ ነበር። የሬሳ ማቀዝቀዣ ቤቱ ዘበኛ ሳይቀር እናት ለማለት «ማ ዙሌካ» እያለ ነው የሚጠራት።

«እትዬ፣ ቦታውን ብቻ ያሳዩን» አለች እጃቸውን ከእጀታው አላቅቃ እየያዘች። «አጥንትም ቢሆን፣ አፈርም ቢሆን፣ እኔ አስገባዋለሁ። ሬሳ ማስገባት እንደሆነ ለምዶብኛል።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉኛል እኮ።»

«ይበሉ! የሰው አፍ ግብር አይከፍልም።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጣሊያን በተባረረ ማግሥት፣ የምሥራቁ ቆላ በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር ሳለ፣ ኦስዊን ፔልዌል የተባለ ጢሙ ገና ያልጠነከረ ካፒቴን ከጅጅጋ ወዲያ ያለ አንድ ወረዳ እንዲያስተዳድር ተሰጠው። ካፒቴኑ የሕዝቡ መሣሪያ ይግባ ብሎ አዋጅ አስነገረ። አምስቱን ዓመት በዱር በገደሉ ያሳለፈው ግራዝማች ወንድይፍራው ግን፣ «ጠመንጃዬን ባስረክብ ለንጉሤ ነው፤ ለእንግዳ አላስረክብም» አለ። ለንግግር ትፈለጋለህ ተባለ። ፈረሱን ጭኖ ወደ እንግሊዞቹ ሰፈር ሄደ፤ እዚያው ቀረ። ተረሸነ የሚል ወሬ ብቻ ወጣ እንጂ ሬሳውም፣ ልብሱም፣ ጫማውም አልመጣም።

ባለቤቱ ወይዘሮ ኤርጎጌ የአራት ዓመት ልጇን የአለምወርቅን አዝላ የሰፈሩ በር ላይ ሰነበተች። ዘበኛው በሰደፍ መለሳት። ከዚያ ወዲያ፣ «የወደቀበትን ሳላውቅ እርሜን አላወጣም» ብላ ማለች፤ ድንኳን አልተተከለም፣ አልቃሽ አልተጠራም፣ ተዝካር አልወጣም። ሚስትም ሳትሆን መበለትም ሳትሆን አረጀች። ልትሞት ስትል የልጇን እጅ ይዛ፣ «እኔ አልሆነልኝም፤ አንቺ የት እንዳለ ፈልጊና እርሜን አውጪልኝ» አለች። የወይዘሮ የአለምወርቅ ዕዳ ይህ ነበር። ፔልዌል የሚለው ስም በቤታቸው ከሰይጣን ስም ቀጥሎ የሚጠራ ነበርና፣ የልብ ሐኪም የሆነው ልጃቸው፣ እሳቸው ጆሐንስበርግ ሊጠይቁት መጥተው ሳለ፣ አንድ ምሽት እራት ላይ፣ «ዛሬ አንድ የድሮ ገዢ መረመርኩ፤ ሰር ኦስዊን ፔልዌል ይባላል፤ በወጣትነቱ ጅጅጋ ነበርኩ አለኝ» ቢላቸው፣ የያዙት ጉርሻ ከእጃቸው ወደቀ።

መርዕድ ሦስት ሳምንት ተሟገታቸው። በሽተኛዬ ነው፣ ሙያዬ አይፈቅድም፣ ሽማግሌ ነው፣ ልቡ ደካማ ነው። ወይዘሮዋ አንድ መልስ ብቻ ነበራቸው፤ «ልገድለው አይደለም፤ ልጠይቀው ነው።» በመጨረሻ ለሽማግሌው፣ «እናቴ ከኢትዮጵያ መጥታለች፤ በዚያ ዘመን አባቷን አጥታለች፤ ልትጠይቅዎት ትፈልጋለች» ቢለው ሰውዬው ደስ አለው። እንግዳ የሚጠይቀው የለማ! ዛሬ ሮዘተንቪል በመርዕድ ቤት የሰፈሩ ሐበሻ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንበር ተዋውሰው ይጠብቃሉ። ወይዘሮዋ የቦታውን ስም ይዘው ሲመለሱ ለቅሶው ይቆማል፤ ስድሳ ምናምን ዓመት የዘገየ ለቅሶ።

መብራት ሄዶ ስለ ነበር እዚያ አገር ሮቦት የሚሏቸው የትራፊክ መብራቶች ሁሉ ጠፍተዋል። በየመስቀለኛው መንገድ መኪናው እንደ ሠርግ ቤት እንግዳ «እለፍ፣ አንተ እለፍ» እየተባባለ ያዘግማል። ወይዘሮ የአለምወርቅ በመስኮት አያዩም፤ በልባቸው ቃላቸውን ይደረድራሉ። «አንተ» እንደሚሉት ቆርጠዋል። አንቱታ ለሰው ነው፤ ለፔልዌል አይገባም። አያለቅሱም። አይሳደቡም። ስሙን፣ ከዚያ ቦታውን፣ በቃ።

ሽማግሌው የሚኖርበት የአረጋውያን ማረፊያ ቤት ፓርክታውን ኮረብታ ላይ ነበር፤ ቀይ ጡብ፣ የደረቀ ሣር፣ ቅጠላቸው የረገፈ ጃካራንዳዎች። የሽማግሌው አስታማሚ ፊቤ ነጭ ልብሷን ለብሳ በሩ ላይ ተቀበለቻቸው። ዙሌካ በአገሬው ቋንቋ «ሳውቦና፣ ሲሲ» ብላ ሰላም ስትላት ፊቤ ሳቀችና «ኑ፣ ከጠዋት ጀምሮ ከረባቱን አሳስሮኝ ነው የሚጠብቃችሁ» አለች።

የእንግዳ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሰውዬው ዕድሜ ተሰቅሎ ነበር። አንዱ ፎቶግራፍ ላይ ቁምጣ የታጠቀ ካፒቴን ነው። ቀጥሎ ሻለቃ ሆኖ የቆርቆሮ ጣሪያ ካለው ቢሮ ፊት ቆሟል። ቀጥሎ አውራጃ ገዢ፣ አዳኝ ውሻ እግሩ ሥር የተኛ። ከዚያ ወዲያ ወግ ደረሰው፤ የአንዲት ደሴት አገረ ገዢ ሆኖ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ነጭ ላባ የተተከለበት ባርኔጣ ደፍቶ፣ ሰይፍ ታጥቆ፣ ጥቁር ሕፃናት ባንዲራ ሲያውለበልቡለት ይታያል። ቀጥሎ ባንዲራው ሲወርድ፣ እሱ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ። መጨረሻው የጎልፍ ሜዳ ነው፤ የጆሐንስበርግ ወርቅ ነጋዴ ልጅ ከሆነችው ሚስቱ ጋር። ከረገጠው አገር ሁሉ አንድ አንድ ማዕረግ ቆንጥሮ ወጥቶ፣ እዚህ መጥቶ አረፈ። ወይዘሮዋ ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ አዩ። የአባታቸው አንድም ፎቶግራፍ የላቸውም።

ሰር ኦስዊን ከማሞቂያው አጠገብ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጥሎ ተቀምጧል። አንድ ፍሬ ሰው! ወይዘሮ የአለምወርቅ ደነገጡ። በልጅነት ቅዠታቸው ሁሉ በር የሚሞላ ግዙፍ ነበር፤ ይህ ግን ንፋስ የሚያነሣው፣ አንገቱ በሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ የሚንገዋለል ሽማግሌ ነው። ከመቀመጫው ሊነሣ ሞክሮ አልሆነለትም።

«እንዴት አደሩ» አለ በተሰባበረ አማርኛ። «ግቡ፣ ግቡ። ሻይ?»

ሻይ መጣ። ወይዘሮዋ አልነኩትም። ዙሌካም አልነካችውም። መርዕድ ብቻ ሁለት ጊዜ ፉት አለና እናቱን እያየ አስቀመጠው።

«ጠይቀው» አሉ።

መርዕድ ጠየቀ። ግራዝማች ወንድይፍራው የሚባል ሰው፣ በዚያ ዓመት፣ በእርስዎ ሰፈር። ሰር ኦስዊን ዓይኑን ጨፈነ። አስመሳይ አልነበረም፤ የምር ይፈልግ ነበር፤ ጣቶቹ ብርድ ልብሱ ላይ ይንቀሳቀሳሉ።

«አዝናለሁ» አለ በእንግሊዝኛ። «ስሙ አይመጣልኝም። ብዙ ግራዝማቾች ነበሩ።»

«መሣሪያ አላስረክብም ያለው በለው። ለንግግር ጠርቶት የገደለው በለው።»

መርዕድ አለሳልሶ ሊተረጉመው ሲጀምር እናቱ ከፊቱ አወቁበት። «አታሽሞንሙነው፤ እንዳልኩህ በለው።» እንዳሉት አለው።

ሽማግሌው አልተቆጣም። «ጊዜው የሁከት ጊዜ ነበር፣ እመቤት» አለ። «አገሩ በጠመንጃ ተሞልቶ ነበር። ሦስት አራት ሰዎች... አዎ፣ እንዲያ ያለ ነገር ነበር። እኔ ፈረምኩ፤ የቀረውን ሻምበል ባሻው ነበር የሚፈጽመው።»

«የት ቀበራቸው?»

መርዕድ መልሱን ሰምቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ልጄ፣ አትቁረጥብኝ። ያለውን በል።»

«ከሰፈሩ የአጥር ሽቦ ውጭ አንድ ቦታ፣ አለ። ኖራ ነስንሰው። በኋላ... በኋላ ሰፈሩ ሲሰፋ የመኪና መንገድ ወጥቶበት ይሆናል፤ እርግጠኛ አይደለሁም፣ አለ።»

ዙሌካ «ያ አላህ» አለች በለሆሳስ። ወይዘሮዋ ግን አልተበገሩም። ሰው ስም ይረሳል፤ እሳቸውም የጎረቤት ልጆች ስም ይረሳሉ። አንድ የሚያስታውሰው ነገር ከተገኘ ቀኑን ያስታውሳል፤ ቀኑን ካስታወሰ ቦታውን ያስታውሳል። ስለ አባታቸው በገዛ ዓይናቸው አይተው የሚያውቁት አንድ ነገር ነበር፤ ከፍ አድርጎ ኮርቻ ላይ ያስቀመጣቸው ቀን፣ ከፊታቸው የነበረው የፈረስ አንገት።

«ፈረሱን በለው» አሉ። «አባቴ ወደሱ ሲሄድ በዳማ ፈረስ ነበር። ግንባሩ ቦቃ፣ የኋላ እግሩ አንዱ ነጭ። በዚያ ፈረስ የመጣው ሰውዬ በለው።»

መርዕድ ተረጎመ። አስረድቶ ሳይጨርስ የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። ዓይኑ በራ፤ ከንፈሩ ተላቀቀ።

«ግራው!» አለ። «የኋላ ግራ እግሩ ነበር ነጩ!»

ወይዘሮ የአለምወርቅ ትርጉም አላስፈለጋቸውም። አስታወሰ! የዙሌካን ክንድ ጨመቁት። ሰር ኦስዊን እጁን ዘርግቶ ፊቤን ጠራ፤ ያ ቅድም መነሣት ያቃተው ሰው በእሷ ትከሻ ላይ ተደግፎ ተነሣ። ፊቤ ራሷ «ከፋሲካ ወዲህ በእግሩ ሲሄድ ዛሬ ገና ነው» እያለች ተገረመች። እየተንቀጠቀጠ ወደ መኝታ ክፍሉ መራቸው።

ከአልጋው ራስጌ በላይ፣ መስቀል በሚሰቀልበት ቦታ፣ ትልቅ ፎቶግራፍ ነበር። ከግድግዳው ፎቶግራፎች ሁሉ ይበልጣል፤ ከላባ ባርኔጣውም ይበልጣል። ቦቃ ፈረስ፣ አንገቱን ቀስሮ። ከላዩ ላይ ወጣቱ ካፒቴን። ኮርቻው የእንግሊዝ ነው፤ ፈረሱ ግን የአባታቸው ፈረስ ነበር። ወይዘሮዋ ያንን አንገት ከሺሕ አንገት ይለዩታል።

«ከሱ የተሻለ ፍጥረት በሕይወቴ አልገጠመኝም» አለ ሰር ኦስዊን፤ መርዕድም እየተከታተለ ይተረጉማል። «መጀመሪያ ጊዜ እህል አልነካም ብሎ ነበር። ፊቱን ወደ ሰፈሩ በር አዙሮ ይቆማል፤ ቀንም ሌሊትም። አንድ ሰው የሚጠብቅ ነበር የሚመስለው። ጋጣው ውስጥ አልጋዬን አስገብቼ አብሬው አደርኩ። ገብስ በእጄ አጎረስኩት። ቀስ በቀስ ለመደኝ። ስዛወር በጭነት መኪና እስከ ናይሮቢ ወሰድኩት፤ ጄኔራሉ ሳቀብኝ፤ ግድ አልሰጠኝም። እዚያ ሆዱን ታመመ። ሌሊቱን ሙሉ አብሬው እየተራመድኩ አደርኩ፤ ጠዋት ሞተ።»

«አባቴስ?» አሉ ወይዘሮዋ። «ፈረሱን ሲቀበል ባለቤቱን የት አደረገው?»

መርዕድ ጠየቀ። ሽማግሌው ግንባሩን ቋጥሮ ፎቶግራፉን አየ፤ ከሥዕሉ ውስጥ ሰውዬውን ሊያገኝ የፈለገ ይመስል ነበር። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«የመጣበት ሰው ትዝ አይለኝም» አለ። «ፈረሱ ግን፣ ማየት ከፈለጋችሁ፣ ያለበትን ላሳያችሁ እችላለሁ።»

ወረቀትና እርሳስ አስመጣ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ የናይሮቢን መንገድ አሰመረ፤ የድሮው ፈረስ መጋለቢያ ሜዳ፣ ድልድዩ፣ ከድልድዩ ወዲያ የግራሩ ጥላ። ግራሩ ሥር አንድ ካሬ አስቀመጠ። የፈረሱን የመቃብር ድንጋይ ከጠራቢ ዘንድ አስጠርቦ ስሙን አስቀርጾበት ነበር። ወደ ደሴቲቱ አገረ ገዢ ሆኖ ሲሄድ የመጨረሻውን ስንብት ያደረገው እዚያ ነው፤ ባርኔጣውን አውልቆ። «ደሴቷን ለሕዝቧ አስረክቤ ስወጣ አላለቀስኩም» አለ። «ባለቤቴን ስቀብር ሰው እያየኝ ስለ ነበር አላለቀስኩም። እሱን ግን...»

ሊጨርሰው አልቻለም። የዘጠና ሁለት ዓመቱ ሰር ኦስዊን ፔልዌል፣ ካፒቴን የነበረው፣ አገረ ገዢ የነበረው፣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ትከሻው ይርገፈገፋል፤ እንባው በተቆረጠ ጢሙ ላይ ይወርዳል። ማስመሰል የሌለበት፣ ከአንጀት የመጣ ለቅሶ ነበር።

ወይዘሮ የአለምወርቅ ቆመው አዩት። ሰባ ዓመት ሲኖሩ ስንት ለቅሶ ቤት ገብተዋል! ጠላትም ቢሆን፣ ባለዕዳም ቢሆን፣ የሚያለቅስ ሰው ፊት ቆሞ ዝም ማለትን እናታቸው አላስተማረቻቸውም። አፍ የለመደውን ይላል፤ ልብ ፈቃድ እስኪሰጥ አይጠብቅም። ወገባቸውን ሰበር፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ነጠላቸውን ከደረታቸው ላይ ሰብስበው፣

«እግዜር ያጽናዎት» አሉ።

መርዕድ እናቱን አፍጥጦ አየ። ዙሌካ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወይዘሮዋ ራሳቸው ያሉትን የሰሙት ካሉት በኋላ ነው፤ ያንን ሁሉ መንገድ «አንተ» ሲያጠኑ የመጡት ምላሳቸው አንቱ ብሎ፣ አጽናንቶ፣ ተመልሶ አፋቸው ውስጥ ተኝቷል።

«ምን አሉኝ?» አለ ሽማግሌው እንባውን እየጠረገ።

መርዕድ ለመዋሸት ቃል ፈለገ፤ ጠፋው። ነገረው። ሰር ኦስዊን የወይዘሮዋን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። እጁ ሞቃት ነበር።

«አመሰግናለሁ» አለ። «ስለሱ እስከ ዛሬ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።»

ካርታውን አጥፎ መዳፋቸው ውስጥ አስቀመጠላቸው። ሰው በአክብሮት የሰጠውን አልቀበልም ማለትንም አያውቁበትም ነበርና ተቀበሉት።

ሲመለሱ የመንገዱ ሮቦቶች አሁንም አልበሩም። ዙሌካ ብዙ ታግሣ አልሆነላትም፤ እንባዋ እየወረደ ወደ ወይዘሮዋ ዞረችና፣ «እትዬ፣ አላህ ያጽ...» ስትል አፏን በመዳፋቸው ከደኑት።

«ተይ» አሉ። «የት እንደ ወደቀ ሳይታወቅ አይባልም። ተብሎልኝም አያውቅ። ሲባል ዛሬ መስማቴ ነው፤ እሱንም ያልኩት እኔው፣ ለእሱ።»

የመርዕድ ስልክ ጮኸ። ከሮዘተንቪል ነበር፤ ሴቶቹ ናቸው። ሳያነሣው በመስተዋቱ እናቱን አያቸው። «እማዬ፣ ይጠብቃሉ። ምን ልበላቸው?»

«ይበተኑ በላቸው። ነጠላቸውን መልሰው ይግቡ። ለቅሶው ፓርክታውን ላይ ተለቅሷል በላቸው፤ ፈረሱ ተለቅሶለታል፣ ለሰውዬው የመጣ የለም በላቸው።»

ስልኩ ጮኾ ጮኾ አቆመ። ወይዘሮ የአለምወርቅ ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው ቀነሰ፤ ዙሌካ ጆሮዋን ማስጠጋት አስፈለጋት። ከማንም ጋር አይነጋገሩም ነበር።

«እናቴን ግን ምን እላታለሁ?» አሉ። «የተኛችበት ሄጄ፣ ምን እላታለሁ? ሰውዬውን አገኘሁት፣ አልቅሶም አገኘሁት፣ አጽናንቼው መጣሁ ልበላት?»